አዲሶቹን ቄቦች ከነባሮቹ ዶሮዎች ጋር እንዴት እናላምዳቸው?



በጓሯችን የምናረባቸው ዶሮዎች በበዓል፣ በበሽታ ወይም በእርጅና ቁጥራቸው ሲመናመን በምትካቸው ቄቦች ገዝቶ መጨመር የማይቀር ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ቄቦቹን በካርቶን ይዞ መምጣት፣ የዶሮውን ቤት ከፍቶ ማስገባት፣ በሩን መልሶ መዝጋት። ይሁን እንጂ ብዙ እናቶች ከወር አስቤዛቸው ቀንሰው ወይም የዕቁብ ብራቸውን አውጥተው የገዟቸውን ቄቦች የሚያጡት በዚሁ ቀላል በሚመስል ሥራ ላይ ነው።

በአጥር የምንዋሰን አንዲት ጎረቤቴ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር የሁለት ልጆች እናት ናት። አራት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና አንድ አውራ ነበሯት። ከልጆቹ ቁርስ የተረፈው እንቁላል ለመንደሩ ሱቅ ይሸጣል፤ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ የደብተርና የእስክሪብቶ ነው። ዶሮዎቹ ሁለት ዓመት ስላለፋቸው መጣል ቀንሰው ነበርና ባለፈው መስከረም ስድስት የአርባ አምስት ቀን ቄቦች ገዛች። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ «ማታ ቆጡ ላይ አስቀምጫቸው፤ በጨለማ አይተያዩም፤ ሲነጋ አብረው የኖሩ መስሏቸው ዝም ይላሉ» ብላ መከረቻት። እሷም እንደተባለችው አደረገች። ሌሊቱን አንድም ድምፅ አልተሰማም። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል በሩን እንደተዘጋ ትታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከትምህርት ቤት ቀድማ የመጣችው ታናሽ ልጇ በሩን ስትከፍት ሁለቱ ቄቦች ሞተው፣ አንዷ ደግሞ የራሷ ቆዳ ተገፎ ከመመገቢያው ሥር ተወሽቃ አገኘቻቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ተደራርበው ጥግ ይዘዋል። ቀኑን ሙሉ ውኃ አልቀመሱም። እናትየዋ ማታ ወደ እኔ ስትመጣ የሞቱትን በፌስታል ይዛ ነበር። «እታለም፣ በጨለማ ባስገባቸው እኔው ገደልኳቸው አይደል?» አለችኝ። በሰዓቱ የረባ መልስ አልሰጠኋትም። በማግሥቱ ግን በአካባቢያችን ያሉ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግሬ፣ ከራሴም ጓሮ ከደረሰብኝ ጋር አገናዝቤ ያገኘሁትን ዛሬ ለእናንተም አካፍላለሁ።

በመጀመሪያ ስለዚያ የማታ ምክር ትንሽ እንበል። ምክሩ ከነጭራሹ ውሸት አይደለም። እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ነገር ግን እነሱ የሚጠቀሙበት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ዕቅፍ ላይ ላለች እናት ዶሮ ከተፈለፈሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን የሆናቸውን ጫጩቶች በጨለማ ከሆዷ ሥር ብናስገባላት፣ ሲነጋ የራሷ ልጆች አድርጋ ትቀበላቸዋለች። እሷም ሙቀቷን ትሰጣለች፣ እነሱም የእሷን ድምፅ ገና እየተማሩ ነው። የአርባ አምስት ቀን ቄብ ግን እናት አትፈልግም፤ ነባሮቹ ዶሮዎችም እናቷ ሊሆኑ አልተዘጋጁም። ጨለማው ጠቡን ለስምንት ሰዓት ያህል ያቆየዋል እንጂ አያስቀረውም። ይባስ ብሎም ጠቡ የሚጀምረው ንጋት ላይ፣ ሁላችንም ለሥራና ለትምህርት ቤት በምንጣደፍበት ሰዓት፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው።

ለመሆኑ ዶሮዎች አዲስ መጪውን የሚጠሉት ለምንድን ነው? በመሠረቱ ጥላቻ አይደለም። ቶርላይፍ ሸልደሩፕ-ኤበ የተባለው የኖርዌይ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከትና የሚያየውን ሲመዘግብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ በዶሮዎች መካከል የመናቆር ተራ መኖሩን አስረድቷል። ይኸውም በአንድ መንጋ ውስጥ አንዷ ሁሉንም ትነቁራለች፣ የምትከተላት ደግሞ ከእሷ በቀር ሌሎቹን ትነቁራለች፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ ይወርዳል። ማን ቀድማ እንደምትበላ፣ ማን በቆጡ ከፍተኛ ቦታ እንደምታድር የሚወሰነው በዚሁ ተራ ነው። ተራው አንዴ ከታወቀ ጠቡ ይቀንሳል፤ የበላይዋ ቀና ስትል ብቻ የበታችዋ ዞር ትልላታለች። አዲስ ዶሮ ስትገባ ግን የተደላደለው ነገር ሁሉ ይፈርሳል፤ እያንዳንዷ ነባር ከመጪዋ ጋር ተራዋን እንደገና መለየት አለባት። ዶሮዎች የሚተዋወቁት በተለይ በራስና በአንገት አካባቢ ባለው መልክ ስለሆነ፣ የማይታወቅ ፊት በገባ ቁጥር ይህ ጣጣ አይቀርም። የራሳችን ዶሮ እንኳ ታማ ለሁለት ሳምንት ያህል ተለይታ ብትመለስ እንደ እንግዳ ልትደበደብ ትችላለች።

እንግዲህ በሁለት ጎልማሳ ዶሮዎች መካከል ይህ የጥቂት ደቂቃ ግብግብ ነው። በአርባ አምስት ቀን ቄብና በጎልማሳ ዶሮ መካከል ሲሆን ግን ጠብ ልንለው አንችልም። የእንቁላል ዝርያ የሆነች ቄብ በዚያ ዕድሜዋ ግማሽ ኪሎ ግድም ብትመዝን ነው፤ ነባሯ ደግሞ ሁለት ኪሎ ግድም ናት። ቄቧ ተሸንፋለሁ ብትልም የምትሸሽበት ቦታ በተዘጋ ቤት ውስጥ የለም። የጎረቤቴ ቄቦች የሞቱት አንዳቸውም ዶሮ ክፉ ሆና አይደለም፤ የምትሸነፈዋ ዞር የምትልበት ስፍራ ስላልነበረ ነው።

ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከምንቃሩ የበለጠ የሚያስፈራው ዓይናችን የማያየው ነገር ነው። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ አንድ አውራ ዶሮ ከገበያ ገዝቼ ለሁለት ቀን ከዶሮዎቼ ቤት አጠገብ በገመድ አስሬ አቆየሁት። ትንሽ ክብድ ብሎት ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ መንገዱ አድክሞት ነው አልኩ። በዓሉ አለፈ። በሳምንቱ ከሰባት ዶሮዎቼ ሁለቱ አረንጓዴ ተቅማጥ ያዛቸው፣ አንዷ አንገቷ ተጠማዘዘ፣ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ጀመር። በአምስት ቀን ውስጥ የተረፈችው አንዲት ብቻ ነበረች። ፈንግል ነበር። ጎረቤቶቼ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አመጡልኝ፣ ሌላዋ የሰው ቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጠሽ ስጫቸው አለችኝ። ደግነታቸውን አልረሳውም፤ ነገር ግን ፈንግል የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ዋናው መከላከያው አስቀድሞ መከተብ ነው። ለሰው የታዘዘን መድኃኒት ለዶሮ መስጠትማ፣ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ፣ ዶሮዋን ሳያድን በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችን ገበታ ይመለሳል።

ስለዚህ አዲስ የመጣ ማንኛውም ዶሮ፣ ቄብም ይሁን የበዓል፣ መጀመሪያ ገለል ብሎ መቆየት አለበት። ለቄቦቹ አራት ሳምንት ማቆየት መልካም ነው። የፈንግል በሽታ ዶሮው ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ይችላልና፣ ሦስት ቀን አይቼአቸው ደኅና ናቸው ማለት አይበቃም። አንዳንዶቻችሁ፣ «ጠባብ ግቢ ውስጥ የት ለያይቼ ላስቀምጣቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ለከተማ ነዋሪ ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው። ቢሆንም በተቻለ መጠን ከዶሮው ቤት የራቀውን ጥግ፣ ከሰርቪስ ቤቱ ኋላ ወይም ከማጠቢያው በወዲያ ያለውን መምረጥ ነው። ዶሮ የሌላት ጎረቤት ብትኖር ለአንድ ወር በእሷ ጓሮ ማስጠጋት ከሁሉ ይሻላል፤ በኋላ በእንቁላል ትከፍሏታላችሁ። ጧት ጧት በመጀመሪያ ነባሮቹን፣ ከዚያ አዲሶቹን መመገብ፤ መጠጫና መመገቢያቸውን አለመቀላቀል፤ ለአዲሶቹ ለብቻ የሚደረግ አሮጌ ጫማ ማዘጋጀት፤ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ልጆች ቄቦቹን አቅፈው ወደ ነባሮቹ እንዳይሄዱ መንገር ደግሞ የእናትየዋ ድርሻ ነው። በእኔ ቤት ይህ የመጨረሻው ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አድክሞኛል።

በዚህ ወር ውስጥ ኩሳቸውን፣ አተነፋፈሳቸውንና አበላላቸውን ተመልከቱ። ላባቸውን በተለይም ከክንፋቸው ሥርና ከጅራታቸው አካባቢ ገለጥ አድርጎ ቅንቅን እንዳለባቸው ማየት ይገባል። ከሚሸጡላችሁ ሰዎች የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጣቸው ጠይቃችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። አብዛኛውን ጊዜ የአርባ አምስት ቀን ቄቦች ኤች ቢ ዋን፣ ጉምቦሮና ላሶታ የሚባሉትን ክትባቶች ወስደው መሸጥ አለባቸው፤ ነገር ግን «ተከትበዋል» የሚለው ቃል ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ነባሮቹስ መቼ ነበር የተከተቡት? ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን ነው። ክትባቱ የተሰጣቸው ቄቦች ያልተከተቡ ነባሮች ዘንድ ሲገቡ፣ ከሁለት አንዳቸው ሊጎዱ ይችላሉ።

ለፈንግል የሚሆነውን ክትባት ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርታል፤ በየአካባቢው ባሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በኩልም ይገኛል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ፣ አምስት ስድስት ዶሮ ያላቸው ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪው ይቀላል፤ መንደሩም አብሮ ይጠበቃል። ክትባቱ ሙቀት ስለሚያበላሸው ከነበረዶው በፔርሙዝ ይመጣል። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ሲሆን አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የከተማችን የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ ሕይወት ያለውን ክትባት ይገድለዋል። ስለሆነም ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት በጥብጦ ግማሽ ሰዓት ካቆዩት በኋላ ክትባቱን መጨመር ነው። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ከልክሎ ጠምቷቸው ሲሰጣቸው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱታል። የሚከተቡት ጤነኞቹ ብቻ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ክትባቱ ዓይን ያቀላል።

ሌላው በነባሮቹ ዘንድ የሚጠብቃቸው ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። ጎልማሶቹ ዶሮዎች ለምደውት ምንም ሳይሆኑ በኩሳቸው ያወጡታል፤ ቄቦቹ ግን ሳይለምዱት በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ሲለቅሙ ይወስዱትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ጉዝጓዙን፣ ጭድም ይሁን ሰጋቱራ፣ ደረቅ አድርጎ መያዝ፣ በተለይ ከመጠጫው ሥር የረጠበውን በየቀኑ አውጥቶ መጣል ብዙውን ይከላከላል። ደም ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ባለሙያ መጥራት ነው፤ ለዚህኛው መድኃኒት አለው።

አንድ ወር ለይቶ ማቆየት ጊዜ ማባከን የሚመስላት እናት ትኖር ይሆናል። አይደለም፤ ቄቦቹ እየበሉ እያደጉ ነው። የአርባ አምስት ቀን የነበሩት ወሩ ሲያልቅ ከአሥር ሳምንት በላይ ይሆናቸዋል። ከዚያ ተጨማሪ ሳምንታት በሽቦ ተለይተው ቢቆዩ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ሳምንት ሞልቷቸው፣ አጥንታቸው ጠንክሮ፣ ሲባረሩ ሮጠው የሚያመልጡበት አቅም አግኝተው ይገባሉ።

ወደ ሽቦው እንምጣ። ሁለተኛው ደረጃ መተያየት እንጂ መነካካት የሌለበት ነው። የዶሮውን ቤት ወይም ከፊት ለፊቱ ያለውን ሜዳ በወንፊት ሽቦ ለሁለት መክፈል፤ የሽቦው ቀዳዳ የቄቧ ራስ የማያሾልክ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሽቦ የሌላት አሮጌ የአልጋ ስፕሪንግ በማሰሪያ ሽቦ አጥብቃ ስትጠቀም አይቻለሁ፤ ሠርቶላታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነባሮቹ ሽቦውን ይነቁራሉ፣ አውራውም ክንፉን ጥሎ ይዞራል። ግድ የለም። የሁለቱንም ወገን መኖ ከሽቦው ራቅ አድርጎ መጀመርና በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ወደ ሽቦው ማስጠጋት፣ በመጨረሻም ግራና ቀኝ ሆነው ጎን ለጎን እንዲበሉ ማድረግ ነው። ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ጎን ለጎን እየበሉ ቀና ብለው ካልተያዩ፣ ፊት ለፊት መገናኘቱ እንደቀለለ ዕወቁ።

ስለ መኖውም ሳላነሳ አላልፍም፤ ምክንያቱም አብረው ሲሆኑ ማን የማንን ይብላ የሚለው ብዙ ሰው የማያስበው ችግር ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ለቅርፊት መሥሪያ የሚሆን ካልሲየም ከመቶ 3 ተኩል እስከ 4 ያህል አለው። ቄብ የሚያስፈልጋት ከመቶ 1 ግድም ነው። እንቁላል ሳትጀምር ለሳምንታት የጣዮቹን መኖ የበላች ቄብ ኩላሊቷ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ደግሞ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ሁለት ዓይነት መኖ ለየብቻ ማስበላት በአንድ ቤት ውስጥ ስለማይቻል፣ ለሁሉም የቄብ መኖ ሰጥቶ ካልሲየሙን ለብቻው በሌላ ጣሳ ማቅረብ የሚሻለው ዘዴ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከመኖ ሻጮች ይገኛል። ያ ከሌለ ከወጥ ቤታችን የሚወጣውን የእንቁላል ቅርፊት በምጣድ አድርቆ፣ መልኩ እስኪጠፋ ደቁሶ መስጠት ይቻላል። የምትጥለዋ ራሷ ፈልጋ ትበላለች፤ ቄቧ እምብዛም አትነካውም። ቄቦቹ የመጀመሪያ እንቁላላቸውን ሲጥሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሆናቸው፣ ሁሉም ወደ ጣዮቹ መኖ ይመለሳሉ።

የመገናኛውን ቀን የሥራ ቀን አታድርጉት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ግድም መልካም ነው፤ ከመምሸቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷል፤ በማግሥቱ እሑድ ነውና ቤት ትውላላችሁ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሳይሆን በግቢው ሜዳ ላይ ተገናኙ በሏቸው። ሁሉንም ቄቦች በአንድ ጊዜ ማውጣት እንጂ አንድ በአንድ ማስገባት አይገባም፤ አንዲት ብቻዋን የገባች ቄብ የሁሉንም ምንቃር ብቻዋን ትቀበላለች። መመገቢያና መጠጫ ቢያንስ በሁለት፣ ቢቻል በሦስት ቦታ፣ ከአንዱ ሆኖ ሌላው በማይታይበት ሁኔታ ይቀመጥ። ይህች ትንሽ ብልሃት ብዙ ታድናለች፤ የበላይዋ ዶሮ በአንድ ጊዜ ሦስት ጣሳ ልትጠብቅ አትችልምና። ጎመን አሥሮ ከፍ አድርጎ መስቀልም ምንቃራቸውን ሥራ ያስይዘዋል።

መሸሸጊያ አስፈላጊ ነው። አንድ ሳንቃ በግድግዳ ላይ ማጋደም፣ የለስላሳ ሳጥን በጎኑ ማስቀመጥ፣ ወይም ቄቧ ሾልካ የምትገባበት፣ ጎልማሳዋ ግን የማታልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጣውላ ሠርቶ ማቆም ይቻላል። ከዚያ ውስጥም ትንሽ ውኃ ይኑር። ሁለት በር ያለው መሸሸጊያ ከአንድ በር ይሻላል፤ አንድ በር ብቻ ያለው ለተባረረች ቄብ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ስፋቱም ይታሰብበት። በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ስድስት ዶሮ ይበቃል የሚባለው አንድ ላይ ላደጉ ነው፤ አዲስና ነባር ሲገናኙ ለሦስት ወይም ለአራት ብናደርገው ጠቡ ይረግባል። ለቆጡ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስፈርላት።

ስለ አውራው አንዳንዶች ይፈራሉ። ጎልማሳ አውራ አብዛኛውን ጊዜ በዶሮዎች ጠብ መካከል እየገባ ያበርዳል። ቄቦቹን መሳረር ከጀመረ ግን ገና ትንንሾች ስለሆኑ ጀርባቸውን በጥፍሩ ይቧጥጣቸዋልና ለጊዜው ማራቅ ይሻላል። በመካከላቸው ወንድ ቄብ ከወጣ ደግሞ ለሚቀጥለው በዓል መታሰቡ አይቀርም፤ ጠባብ ግቢ ሁለት አውራ አይችልም።

በመገናኛው ሰዓት የምታዩትን ሁሉ ለማስቆም አትቸኩሉ። ማባረር፣ ራስ ላይ አንድ ሁለቴ መንቆር፣ ጥቂት ላባ መብረር ያለና የነበረ ነው፤ በገባን ቁጥር ተራው ሳይለይ ይቀርና በማግሥቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል። መግባት ያለብን ደም ሲታይ፣ አንዲት ቄብ ጥግ ተይዛ ያለማቋረጥ ስትነቆር፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሳትበላና ሳትጠጣ ስትቀር ነው። ደም የታየባትን ወዲያውኑ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ቀይ ነገር ሌሎቹን ዶሮዎች ይስባል፣ ሰላማዊዎቹ እንኳ እየመጡ ይነቁሩታል። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጥቦ፣ ደርቆ ቅርፊት እስኪያወጣ በሽቦው በወዲያኛው በኩል እነሱን እያየች ትቆይ። ከዓይን ብናርቃት ስትመለስ እንደገና እንግዳ ትሆናለች።

ሲመሽ በፋኖስም ሆነ በባትሪ ገብታችሁ ቆጡን ተመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቄቦቹ ተገፍተው መሬት ላይ ወይም በእንቁላል መጣያው ሳጥን ውስጥ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። እያነሳችሁ በቆጡ ዳር ዳር አስቀምጧቸው። በእንቁላል መጣያው ማደር ከለመዱ ኩሳቸው ሳጥኑን፣ ቀጥሎም እንቁላሉን ያበላሻል። ንጋት ላይ ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሳይቆዩ በሩ በጊዜ ይከፈት። ማልዳ የምትወጡ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀን ቀን በሽቦ ለይታችሁ፣ ከሥራ ስትመለሱ ብታገናኟቸው ይሻላል። በዚህ ጊዜ ነባሮቹ ለጥቂት ቀናት እንቁላል ቢቀንሱ አትደንግጡ፤ ለሱቁ ቃል የገባችሁ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አልፎም አንዲት ነባር ዶሮ ልትተዋቸው እምቢ ካለች፣ መለየት ያለባት የምትነቆረዋ ሳትሆን የምትነቁረዋ ናት። ለሦስት አራት ቀናት ብቻዋን፣ ሌሎቹን ሳታይ ትቀመጥ። እሷ በሌለችበት የተቀሩት ተራቸውን አደላድለው ይቆዩአታል፤ ስትመለስ ቦታዋን መጠየቅ የእሷ ፋንታ ይሆናል።

ጎረቤቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው። አራቱን የቀሩ ቄቦች በማግሥቱ በሽቦ ለየቻቸው። መጀመሪያ ነገር ተቀላቅለው ስለነበር ገለል አድርጎ ለማቆየት ጊዜው አልፏል፤ ባለሙያው ግን ነባሮቹን አስከትቡ ብለዋት አስከተበች። ራሷ የተገፈፈው ቄብ ለአሥር ቀን ያህል በካርቶን ውስጥ ሆና፣ የካርቶኑ ፊት በሽቦ ተተክቶ፣ እህቶቿን እያየች ዳነች። በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሽቦውን አብረን አነሳነው። ጎረቤቴ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች፤ መጥረጊያ በእጇ ይዛ ነበር። ከአራቱ ነባሮች አንዲት ገብስማ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ አስቸገረቻቸውና አራት ቀን በእንቅብ ሥር በእኛ ጓሮ በእንግድነት ቆየች። ስትመለስ ሁለቱ ቄቦች ቆጡ ላይ ቦታዋን ይዘውባት ነበር።

የመጀመሪያዋ የቄብ እንቁላል የተገኘችው በጥር ነው፤ በጣም ትንሽ፣ ጫፏ ላይ ጭረት ደም ያለባት። ታናሿ ልጅ የማን እንደሆነች አውቃለሁ አለች፤ ራሷ ከዳነው ቄብ ነው የጣለቻት አለች፤ ማንም ግን ስትጥል አላየም። እናትየዋ ልትጠብሳት ብትል ልጅቷ አላስነካም ብላ ለሦስት ቀን በስኒ ውስጥ አድርጋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።